ምን አለሽ?

ማስተርስ ልጀምር ነው ስላት እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሲያልቅ ምን ትሆኛለሽ?" እድገት ይመጣል፣ ደሞዝም ትንሽ ከፍ ይላል ምናምን ብዬ አለፍኳት። አልዋሸሁም። ባንክ ነው የምሠራው፣ ብድር ክፍል። ከኛ ቅርንጫፍ ማስተርስ ያልጀመረ ሰው ቢፈለግ ጥበቃው ብቻ ነው የሚገኘው፣ እሱም ዲግሪውን ሊጨርስ አንድ ሴሚስተር ነው የቀረው።

በሦስተኛው ሴሚስተር "ኢንተርፕረነርሺፕ እና ፈጠራ" የሚል ኮርስ መጣ። ሁላችንም ደስ አለን። ፈጠራ ናፍቆን አይደለም፤ ከፋይናንስ እና ከስታትስቲክስ በኋላ ኤ የሚገኝበት ኮርስ መጣልን ብለን ነው። በዲግሪ ጊዜ የተማርነውን ኢንተርፕረነርሺፕ የሚያስታውስ ሰው ይረዳኛል። የሥራ ፈጣሪ ባህርያት ተብሎ ይዘረዘራል፦ በራሱ የሚተማመን፣ አደጋን የማይፈራ፣ ተስፋ የማይቆርጥ። ትሸመድዳላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ ትረሱታላችሁ። መጨረሻ ላይ በግሩፕ ቢዝነስ ፕላን ይሠራል። በኛ ክፍል ከስምንት ግሩፕ አምስቱ ያቀረቡት የዶሮ እርባታ ነበር። እስከማውቀው ድረስ ዶሮ የገዛ የለም።

የማታው መምህራችን ግን የመጀመሪያ ቀን ስላይድ ይዘው አልመጡም። ከቦርሳቸው ባዶ የሳልሳ ቆርቆሮ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ይሄ ለምን ለምን ያገለግላል? አሥር ደቂቃ አላችሁ" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። መጻፍ ሲጀመር ግን ሳቁ ቆመ፣ ምክንያቱም ከአምስተኛው በኋላ ጭንቅላት ጭው ይላል። እስክሪብቶ ማስቀመጫ። ሳንቲም ማጠራቀሚያ። አበባ መትከያ። ከዛስ? እኔ 11 ጻፍኩ። ከክፍሉ የበለጠው 19 ነበር፣ እሱም ገጠር ያደገ ልጅ ነው።

ፈተናው የቆየ ነው። ጊልፎርድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950 የሙያ ማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር፣ ስለ ፈጠራ ችሎታ ምንም ያህል አላጠናንም ብሎ ባልደረቦቹን ወቀሰ። አንድ ተራ ዕቃ፣ ለምሳሌ ጡብ፣ አሳይቶ ስንት ጥቅም ታገኙለታላችሁ ብሎ የሚጠይቀው ፈተና ከሱ ስም ጋር ነው የሚነሳው። የሚታየው ብዛቱ ብቻ አይደለም። ከአንድ ዓይነት ሐሳብ ወደ ሌላ ዓይነት መዝለላችሁም ይታያል፣ ሌላ ሰው ያላሰበው መሆኑም ይታያል። መምህራችን ወረቀቴን አነሡና ስምንቱን አከበቡ። ስምንቱም "ማስቀመጫ" ነበሩ። የእስክሪብቶ፣ የማንኪያ፣ የምስማር፣ የቁልፍ። አንድ ሐሳብ ስምንት ጊዜ ጽፌያለሁ ማለት ነው።

"ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሂዱ" አሉን። "ምንም አትግዙ። ጠይቁና ጻፉ።"

እኔ ያደግኩት ኮልፌ ነው። መርካቶ በእግር ይደረሳል። ምናለሽ ተራን ግን ከሩቅ በመዶሻው ድምፅ ነው የማውቀው፣ ቆም ብዬ አይቼው አላውቅም። ያን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ቆየሁ። በርሜል ተተርትሮ ጠፍጣፋ ላሜራ ሲሆን አየሁ። የዘይት ቆርቆሮ የቡና መቁያ ይሆናል፣ ማጥለያ ይሆናል፣ ኩራዝ ይሆናል፣ ቆሻሻ ማፈሻ ይሆናል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ፌሮ እየተቃና ይሸጣል። ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ ቀሪው ደግሞ እንደ ገመድ በቀጭኑ እየተቆረጠ ዕቃ ማሰሪያ ይሆናል። ፍርፋሪው እንኳን የሚፈልገው ሰው አለ። ጠዋት ጠዋት በየሰፈራችን "ቁራሌው!" እያለ እንቅልፍ የሚከለክለን ልጅ የዚህ ሁሉ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ነው። ሰፕላይ ቼይን የሚባል ኮርስ ወስጄ ቢ ፕላስ አግኝቻለሁ፣ ቁራሌውን ግን አንድም ቀን ከዛ ኮርስ ጋር አያይዤው አላውቅም።

አንድ ከሰል ምድጃ የሚሠሩ ሰውዬ ጋ ቁጭ አልኩ። ዕድሜያቸው የአባቴን ያህላል። ምድጃዎቻቸው ከሥር አመድ የሚያወጣ ትንሽ መሳቢያ አላቸው። "ጋሼ፣ ይቺ መሳቢያ የማን ሐሳብ ናት?" አልኳቸው።

"የኔ ናት" አሉ፣ መዶሻውን ሳያቆሙ።

"ለስንት ጊዜ ብቻዎን ሸጡት?"

ሳቁ። "ወርም አልሞላኝ።" በአገጫቸው ወደ ጎረቤቶቻቸው አመለከቱኝ። ግራም ቀኝም መሳቢያ ያለው ምድጃ ተደርድሯል። ዋጋውም ወርዷል። ተናደው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ምድጃውንስ እኔ ከማን አየሁት?" አሉኝ።

ይሄንን መልስ ማታ ማታ ሳስበው ቆየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሹምፔተር መጣ። በድሮው የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ተወልዶ ሐርቫርድ ያስተማረ ኢኮኖሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አዲሱ አሮጌውን እያፈረሰ ይሄዳል ያለው ሐሳቡ ነው ስሙን የተከለው። እሱ እንደሚለው ሥራ ፈጣሪ ማለት ያለውን ነገር በአዲስ መልክ የሚያቀናጅ ሰው ነው፣ ትርፉም የሚቆየው ተከታዮቹ በመንጋ እስኪመጡ ድረስ ነው። ሰውዬው ሹምፔተርን አላነበቡም። ግን መንጋው በስንት ቀን እንደሚደርስ በቁጥር ያውቁታል። አገራችን እንዲህ ላለ ነገር ሕግ አላት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ከትልልቅ ፈጠራዎች ሌላ "አነስተኛ ፈጠራ" የሚል ክፍልም አለው፣ እና አመድ ማውጫ መሳቢያ ምናልባት እዛ ውስጥ ይገባ ይሆናል ብዬ ተመልሼ ነገርኳቸው። "ጠበቃው ስንት ይፈልጋል?" አሉኝ። ወሬው እዛ ላይ አለቀ።

እንግዲህ ፈጠራ ጎደለን የሚለውን ወሬ ከዛን ቀን ጀምሮ አላምንም። መድረክ ላይ የሚወጣ ሁሉ "ወጣቱ የፈጠራ አስተሳሰብ ያስፈልገዋል" ይላል። ምናለሽ ተራ ሄዶ ቢያየው ጥሩ ነበር።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ግሩፓችን አምስት ነን። አንዱ ሥራ ቦታው መምሪያ ኃላፊ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ሁላችንም እንደ ታላቅ ወንድም ነው የምናየው። አንዷ "ሥራ በዝቶብኛል፣ ስሜን ብቻ አስገቡልኝ" የምትለዋ ናት፣ በየግሩፑ አንድ አትጠፋም። ብሬንስቶርሚንግ አድርጉ ተባልን፣ አብሮ ተቀምጦ ሐሳብ ማዋጣት ማለት ነው። ይሄን ዘዴ ያመጣው አሌክስ ኦዝቦርን የሚባል የአሜሪካ ማስታወቂያ ባለሙያ ነው። ሕጎቹ ቀላል ናቸው፦ ማንም የማንንም ሐሳብ አይተች፣ እብደት የሚመስለውም ይነገር፣ ብዛት ይፈለጋል፣ በሌላው ሐሳብ ላይ ይቀጠላል።

በወረቀት ላይ ያምራል። እኛ ጋ የሆነው ይሄ ነው። ኃላፊው የመጀመሪያውን ሐሳብ ተናገረ። የጭማቂ ሽያጭ። ቢሮ ለቢሮ። ሁላችንም "አሪፍ ነው" አልን። ከዛ በኋላ የቀረበው ሐሳብ ሁሉ ጭማቂ ነበር። የአቮካዶ ጭማቂ፣ የማንጎ ጭማቂ፣ በጾም ወቅት ጭማቂ። ተመልሼ "ማስቀመጫ" ላይ ወደቅኩ ማለት ነው፣ አሁን ግን ከአራት ሰው ጋር።

መምህራችን ይሄን ሲያዩ አልገረማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ነገሩን። አራት አራት ሰው አብሮ ተቀምጦ ሐሳብ እንዲያወጣ ተደረገ። ሌሎች ደግሞ ለየብቻቸው ከሠሩ በኋላ የአራት አራቱ ተደመረ። ለየብቻ የሠሩት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሐሳብ አወጡ። ምክንያቱ ላይ ብዙ ተጽፏል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፣ እየጠበቀ የያዘውን ይረሳል። ይስቁብኛል የሚል ፍርሃትም አለ። ለዚህ ለሁለተኛው እኛ አንድ ቃል አለን፣ ይሉኝታ። ኦዝቦርን "አትተቹ" ሲል ይሉኝታን አያውቃትም። እኛ ጋ ችግሩ ትችት መብዛቱ አይደለም፣ ማንም አይተችም። ሁሉም "አሪፍ ነው" ብሎ ወጥቶ፣ ደረጃው ላይ ነው እውነቱን የሚነጋገረው።

የመምህራችን መፍትሔ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ለብቻው ይጽፋል፣ ስም አይጻፍበትም። ወረቀቱ ይሰበሰብና ይቀላቀላል። ከዛ ነው ወሬ የሚጀመረው። ያን ማታ ኃላፊው ራሱ ሌላ ሐሳብ ጽፎ ነበር፣ ጭማቂውን እሱም አልወደደውም። ለምን አልተናገርክም ስንለው "እናንተ የወደዳችሁት መስሎኝ" አለ። ይቺ አንዷ ምሽት ለኔ የኮርሱን ክፍያ ታወጣለች። አሁን ቢሮ ስብሰባ ላይ ስሞክራት አለቃዬ ምን ዓይነት ድራማ ነው ይለኛል፣ ግን ትሠራለች።

ኮርሱ የሚታወሰኝ ግን በ1,000 ብሩ ነው።

ለየግሩፑ 1,000 ብር በፖስታ ተሰጠን፣ ከዛ አሥር ቀን። ትርፉን ይዛችሁ ኑ፣ አምስት ደቂቃ ታቀርባላችሁ ተባለ። እኛ ሁለት ቀን በስም ጨረስን። አንድ ቀን ደግሞ በሎጎ። (ሎጎው ቆንጆ ነበር። አሁንም ስልኬ ላይ አለ።) ከዛ ብሎክ ኖት በጅምላ ገዝተን ለየመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ሸጥን። የገዙን ስላዘኑልን ነው። 140 ብር አተረፍን፣ ታክሲ ሳይቆጠር።

ያሸነፈው ግሩፕ ፖስታውን አልከፈተውም። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የማታ ተማሪዎች ከሥራ በቀጥታ ነው የምንመጣው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ይርበዋል፣ ግቢው አጠገብ ያለው ካፌ ደግሞ ወረፋው አይቀመስም። ልጆቹ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "ነገ ሳምቡሳ የሚፈልግ ዛሬ ማታ በቴሌብር ይክፈል" ብለው ጻፉ። አንዷ የምታውቃት ሳምቡሳ የምትሠራ ሴት አለች። ብሩ ከገባ በኋላ ነው ያዘዙት። በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ክፍል አዳረሱ። 1,000 ብሩን እንደታሸገ መለሱ፣ ትርፉ ላይ ብቻ ነው የተወራው።

መምህራችን ያን ጊዜ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረውን የቲና ሲሊግን ታሪክ ነገሩን። እሷ ለተማሪዎቿ 5 ዶላር በፖስታ ትሰጣለች፣ ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያላቸው፣ በመጨረሻም ክፍል ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያቀርባሉ። አንዱ ቡድን የብስክሌት ጎማ አየር እየለካ ገንዘብ ሰበሰበ። ሌሎች ሰው የሚበዛበት ሬስቶራንት ቦታ ቀድመው እየያዙ ወረፋ ለሰለቸው ሰው ሸጡ። አብላጫውን ያገኙት ግን 5 ዶላሩንም ሁለት ሰዓቱንም ትተው፣ የስታንፎርድ ተማሪ መቅጠር ለሚፈልግ ድርጅት ሦስቱን ደቂቃ በ650 ዶላር የሸጡት ናቸው። ብሩ ዓይን ይሸፍናል። እኛም 1,000 ብር ይዘን "በ1,000 ብር ምን ይገዛል?" ብለን ነው የጀመርነው። ማንን እናውቃለን፣ ማን ምን ቸገረው የሚለው ትዝም አላለን።

ከሳምንት በኋላ የሳራስቫቲ ጥናት ሲመጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ሕንድ የተወለደች፣ አሜሪካ ያስተማረች ተመራማሪ ናት። 27 ልምድ ያላቸው የድርጅት መሥራቾች ፊት አንድ የምናብ ምርት አስቀምጣ፣ እያሰቡ ድምፃቸውን አውጥተው እንዲናገሩ አደረገች። ያገኘችውን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተመች። ሰዎቹ በአብዛኛው ግብ አስቀምጠው፣ ገበያ አጥንተው፣ ከዛ ገንዘብ ፍለጋ አልሄዱም። እጃቸው ላይ ካለው ነው የጀመሩት። ማን ነኝ? ምን አውቃለሁ? ማንን አውቃለሁ? ቤት ውስጥ ያለውን አይቶ ወጥ እንደሚሠራ ሰው። እና እኔ ደብተሬ ላይ ይሄን ስገለብጥ፣ ከላይ የቅዳሜዋ ማስታወሻዬ ርዕስ ታየኝ። ምናለሽ ተራ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ምን አለሽ?

ሌላው የሳራስቫቲ ነገር ደግሞ መሥራቾቹ ስንት አተርፋለሁ ብለው ሳይሆን ብከስር የማይጎዳኝ ስንት ነው ብለው መነሣታቸው ነው። ከደንበኛ ወይም ከአጋር አስቀድሞ ቃል መቀበልም አለ፣ እሱን እኛ ቀብድ እንለዋለን። ሳምቡሳ ሻጮቹ ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው "አያችሁ፣ እናቶቻችን ሁሉንም ያውቁት ነበር" ብሎ ያጨበጭባል። እኔም ማጨብጨብ ጀምሬ ነበር። እናቴ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ታዘጋጃለች። የጀመረችው የጎረቤት ልጅ ወደ ዋሽንግተን ስትሄድ አደራ ስላለቻት ነው። መነሻዋ የዕቁብ ብር ነው። ቀብድ ሳትቀበል በርበሬ አትገዛም። ሳራስቫቲ ብታያት ትወዳታለች።

ግን አሳይመንቱ የአንድ ትንሽ ሥራ ወጪ አስሉ የሚል ስለነበር እናቴን ያዝኳት። ደብተር የላትም። አተሩን፣ ቅመሙን፣ ወፍጮውን፣ ከሰሉን፣ ፌስታሉን አንድ በአንድ ጻፍን። ሽሮው ላይ በኪሎ 40 ብር ያህል እየከሰረች ነው፣ ጉልበቷ ሳይቆጠር። በርበሬው ነው ሽሮውን የሚደጉመው። ዋጋ ለምን አልጨመርሽም ስላት "እንዴት አድርጌ? የማውቃቸው ሰዎች ናቸው" አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ!

ስለዚህ እኔ ከዚህ ኮርስ የወሰድኩት ፈጠራን አይደለም። ቆርቆሮው የሚሠራውን ምናለሽ ተራ ከኔ በተሻለ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ የጨመረልኝ አሰልቺውን ነገር ነው፣ መቁጠርን፣ እና ይሉኝታን በወረቀት ማለፍን። ከጎማ ስለሚሠራ ጫማ ስንወያይ ሶል ሬብልስ የሚባለው የጫማ ድርጅት ተነሣ። ቤተልሔም ጥላሁን የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ነው፣ ሶሉ የአሮጌ ጎማ ነው፣ መነሻው በረባሶ ነው። ጎማው ያው ጎማ ነው። ምናለሽ ተራ በጥንድ የሚሸጠውን እሷ ብራንድ አድርጋ ውጭ አገር ድረስ ሸጠችው። ያ ልዩነት ደግሞ በሐሳብ ብቻ አይመጣም።

ገንዘቡም አለ። ይሄን እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ በቀለም የታተመ፣ የአምስት ዓመት ትንበያ ያለው ቢዝነስ ፕላን ይመጣል። አነበዋለሁ። ከዛ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የቤት ካርታ አለ ወይ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረትም መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፣ ማሽንም፣ ዕቃም። የምድጃው ሰውዬ መዶሻና ላሜራ ይዘው ቢመጡ ግን ምን እንደምላቸው ከአሁኑ አውቀዋለሁ። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር መምህራችን "ታዲያ አንቺ እዛ ወንበር ላይ ነሽ" አሉኝ። ዝም አልኩ።

ኮርሱ አልቋል። ኤ ማይነስ ነው ያገኘሁት፣ ብሎክ ኖቱ ነው የጎተተኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሂሳብ እንቀመጣለን። የሽሮ ዋጋ ጨምረናል፣ ሁለት ደንበኞች አኩርፈዋል፣ አንዷ ተመልሳለች። ባለፈው ሳምንት የጉልበት ዋጋ የሚል መስመር ጨመርኩና የእናቴን ሰዓት ሞላሁበት። እናቴ መነፅሯን አድርጋ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ያንቺ ቅዳሜስ?" አለችኝ። "ስንት ብለሽ ጻፍሽው?"

እስካሁን አልጻፍኩትም።